ቺካማትሱ ሞንዛኤሞን

ቺካማትሱ ሞንዛኤሞን (1653 – ጃንዋሪ 6 ቀን 1725 እ.ኤ.አ.፤ ያረፈበት ቀን በኢትዮጵያ አቆጣጠር በታኅሣሥ 1717 ዓ.ም. ይውላል) የጃፓን ጸሐፌ ተውኔት ነበር። የትውልድ ስሙ ሱጊሞሪ ኖቡሞሪ ነው። ዛሬ ቡንራኩ ተብሎ ለሚታወቀው የጃፓን ባህላዊ የአሻንጉሊት ቴአትርና በሰው ተዋንያን ለሚሠራው ካቡኪ በጠቅላላው ከ100 በላይ ተውኔቶች ጽፏል። ከሳሙራይ ቤተሰብ ተወልዶ፣ በዘመኑ ከማኅበረሰቡ ደረጃ ውጭ ይቆጠር በነበረው የቴአትር ሙያ ዕድሜውን ጨርሷል። በተለይ የሚታወሰው የተራ ነጋዴዎችን፣ የሱቅ ሠራተኞችንና የሴተኛ አዳሪዎችን ሕይወትና ሞት ለከባድ ተውኔት የሚበቃ ነገር በማድረጉ ነው። በዚህ ጽሑፍ ውስጥ ያሉት ሌሎች ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው፤ ወሮቹ ግን፣ ተራ ቁጥር ብቻ ሲሰጣቸው፣ የድሮው የጃፓን የጨረቃ አቆጣጠር ናቸው።

ልጅነትና ቤተሰብ

ቺካማትሱ የተወለደው በኤቺዘን ግዛት፣ በአሁኑ የፉኩይ አውራጃ ነው። አባቱ ሱጊሞሪ ኖቡዮሺ የአካባቢው ገዥ የማትሱዳይራ ቤት አገልጋይ ሳሙራይ ነበር። እናቱ የሐኪም ልጅ ነበረች። ከወንድሞቹ አንዱ ኦካሞቶ ኢፖ በሚል ስም ሐኪም ሆኖ የሕክምና መጻሕፍትን በማዘጋጀት ዝናን አትርፏል።

ልጁ ገና በአሥራዎቹ ዕድሜ ሳለ አባትየው ከጌታው አገልግሎት ወጥቶ «ሮኒን» ማለትም ጌታ የሌለው ሳሙራይ ሆነ፤ ቤተሰቡም ወደ ኪዮቶ ተዛወረ። ለሳሙራይ ጌታ ማጣት ማለት ደመወዝን፣ ማዕረግንና የወደፊት ተስፋን አንድ ላይ ማጣት ነው። በኪዮቶ ወጣቱ ኖቡሞሪ በቤተ መንግሥት መኳንንት ቤቶች በአገልጋይነት ተቀጠረ። ሥልጣኑ በኤዶ (በአሁኑ ቶኪዮ) በሚኖሩት የጦር ገዥዎች እጅ ስለነበር እነዚህ መኳንንት ኃይል አልነበራቸውም፤ የቀረላቸው የጥንት ግጥም፣ መጻሕፍትና ሥርዓት ነበር። በተውኔቶቹ ውስጥ የሚታየው የጥንታዊ ሥነ ጽሑፍና የቡድሃ መጻሕፍት እውቀት የተገኘው በአብዛኛው በዚህ ጊዜ እንደሆነ ይታመናል። 1671 በታተመ አንድ ስብስብ ውስጥ የእሱና የቤተሰቡ አጫጭር ግጥሞች ይገኛሉ።

ሰው የሚያውቀው «ቺካማትሱ» የሚለው ስም የብዕር ስም ነው። ብዙ ጊዜ የሚጠቀሰው ምንጭ በኦሚ ግዛት የነበረ ቺካማትሱ የሚባል ቤተ መቅደስ ነው።

የጆሩሪ አሠራር

የቺካማትሱን ሥራ ለመረዳት የጻፈለትን ቴአትር አሠራር ማወቅ ያስፈልጋል። በእርሱ ዘመን ይህ ጥበብ ጆሩሪ ይባል ነበር፤ ስሙን ያገኘው ጆሩሪ የምትባል ልዕልት ከምትገኝበት የቆየ የፍቅር ታሪክ ነው። ቀድሞ ተራኪዎች ታሪኩን ለብቻው በዜማ ያወርዱት ነበር። በ16ኛው ክፍለ ዘመን ከሪዩኪዩ ደሴቶች የመጣው ሻሚሰን የተባለው ባለ ሦስት አውታር መሣሪያ ሲጨመርበት፣ በኋላም የአሻንጉሊት አጫዋቾች ሲቀላቀሉት፣ ሦስቱ ሙያዎች አንድ ቴአትር ሆኑ።

አሻንጉሊቶቹ አይናገሩም። የሽማግሌውንም፣ የሕፃኑንም፣ የሴቲቱንም ቃል የሚናገረው፣ የሚያለቅሰውና የሚስቀው፣ በመካከሉም ታሪኩን የሚተርከው አንድ ሰው ነው፤ ተራኪው። የድርሰቱን ቃል ከፊቱ ባለው አትሮኖስ ላይ ዘርግቶ፣ ከሻሚሰን ተጫዋቹ ጎን ተቀምጦ ይወጣዋል። ስለዚህ የጆሩሪ ድርሰት ንግግር ብቻ አይደለም፤ ግማሹ ትረካና ግጥም ነው። በተዋናይ ፊት ላይ ሊታይ የሚችለው ሁሉ እዚህ በቃላቱ ውስጥ መገኘት አለበት።

ዛሬ ቡንራኩን ያየ ሰው የሚያስታውሰው አንዱን አሻንጉሊት ሦስት ሰዎች ሲያንቀሳቅሱት ነው፤ ዋናው ራሱንና ቀኝ እጁን፣ ሁለተኛው ግራ እጁን፣ ሦስተኛው እግሩን ይይዛሉ። ይህ ዘዴ ግን የመጣው 1734፣ ማለትም ቺካማትሱ ከሞተ ከ9 ዓመት በኋላ ነው። እርሱ የጻፈው በአንድ ሰው ለሚያዙ፣ ትናንሽና እንቅስቃሴያቸው ውስን ለሆነ አሻንጉሊቶች ነበር። ይህ ድህነት ብዕሩን ያጠነከረው ይመስላል።

ከካጋኖጆ ወደ ጊዳዩ

ቺካማትሱ ሥራ የጀመረው በኪዮቶ ታዋቂ ለነበረው ተራኪ ለኡጂ ካጋኖጆ በመጻፍ ነው። በእርግጠኝነት የእርሱ ነው ከሚባሉት ድርሰቶች ቀዳሚው 1683 ለመድረክ የበቃው «የሶጋ ወራሾች» ነው፤ የአባታቸውን ደም የተበቀሉ ሁለት ወንድማማቾችን ታሪክ ተከትሎ የተጻፈ ነው። በቀጣዩ ዓመት ታኬሞቶ ጊዳዩ (1651–1714) የተባለ ተራኪ በኦሳካ፣ በዶቶንቦሪ ቦይ ዳር፣ ታኬሞቶዛ የተባለውን የራሱን ቴአትር ቤት ከፈተና በዚሁ ድርሰት ሥራ ጀመረ። ጊዳዩ በኦሳካ አጠገብ ከምትገኘው የቴኖጂ መንደር የገበሬ ልጅ ነበር፤ ድምፁ ኃይለኛና ሰፊ ነበር። ስሙ ዛሬም አልጠፋም፤ የቡንራኩ አተራረክ እስካሁን «ጊዳዩ» ይባላል።

1685 ላይ ካጋኖጆ ከኪዮቶ ወደ ኦሳካ መጥቶ ከጊዳዩ ጋር ፉክክር ገጠመ። የካጋኖጆን ድርሰት የጻፈለት በዘመኑ የታወቀው የልብ ወለድ ደራሲ ኢሃራ ሳይካኩ ነበር፤ ለጊዳዩ የጻፈው ቺካማትሱ ነበር። ፉክክሩ የተፈታው በከፊል በእሳት ነው፤ የካጋኖጆ ቴአትር ቤት ተቃጥሎ ባለቤቱ ወደ ኪዮቶ ተመለሰ።

በዚያው ዓመት ቺካማትሱ ለጊዳዩ «ድል አድራጊው ካጌኪዮ»ን ጻፈ። ካጌኪዮ በጦርነት ከተሸነፈው ከሄይኬ ወገን የቀረ፣ አሸናፊውን ዮሪቶሞን ለመግደል የማለ ተዋጊ ነው። ሁለት ልጆች የወለደችለት አኮያ፣ በቅናት ተነድታ አሳልፋ ትሰጠዋለች። ተጸጽታ ልጆቹን ይዛ እስር ቤት ስትመጣ ይቅር አይላትም፤ እርሷም ልጆቹን በፊቱ ገድላ ራሷን ታጠፋለች። ከዚህ በፊት የነበሩት ድርሰቶች ጀግኖችና ተአምራት የሞሉባቸው ነበሩ። እዚህ ግን ሰው ከራሱ ጋር ሲጣላ ይታያል። የጃፓን ሊቃውንት የጆሩሪን ታሪክ «አሮጌ» እና «አዲስ» ብለው ሲከፍሉ ድንበሩን የሚያኖሩት በዚህ ድርሰት ላይ ነው።

በ1680ዎቹ ስሙ በታተሙት ድርሰቶች ላይ በደራሲነት መውጣት ጀመረ። ዛሬ ቀላል ነገር ይመስላል፤ ያኔ ግን ባለ ስሙ ተራኪው ወይም ተዋናዩ እንጂ ጸሐፊው አልነበረም። ቺካማትሱ ስሙን በማውጣቱ ትዕቢተኛ ተብሎ ተወቅሷል። የሳሙራይ ልጅ ሆኖ ስሙን በቴአትር ማስታወቂያ ላይ ማስፈሩ ወደ ቀድሞው ማዕረጉ የመመለስን መንገድ የሚዘጋ እርምጃ ነበር።

የካቡኪ ዓመታት

ከ1690ዎቹ መጀመሪያ አንሥቶ እስከ 1703 አካባቢ ቺካማትሱ በዋናነት የጻፈው ለካቡኪ፣ በተለይም በኪዮቶ ዝነኛ ለነበረው ተዋናይ ለሳካታ ቶጁሮ (1647–1709) ነው። ቶጁሮ የታወቀው ከቤቱ የተባረረ፣ ልብሱ የነተበ፣ ነገር ግን ጨዋነቱ ያልለቀቀው የሀብታም ልጅ ሆኖ በመጫወት ነው። 1699 የታየው «ኬይሴይ ሆቶኬ ኖ ሃራ» ከሁለቱ የጋራ ሥራዎች በጣም የታወቀው ነው።

ከእነዚህ ድርሰቶች ብዙዎቹ በሙሉ ቃላቸው አልተረፉም፤ የቀሩት በሥዕል የታጀቡ ማጠቃለያ መጻሕፍት ናቸው። ቶጁሮ ጤናው ተዳክሞ ከመድረክ መራቅ ሲጀምር ቺካማትሱም ወደ አሻንጉሊቶቹ ተመለሰ። ብዙ ጊዜ የሚሰጠው ሌላ ምክንያት የካቡኪ ተዋንያን ቃሉን እንደፈለጉ ይለዋውጡ ስለነበር ነው፤ በጆሩሪ ግን ተራኪው የተጻፈውን ያነባል። ይህ ግምት ነው፤ ሆኖም ቺካማትሱ ለቃላቱ ከነበረው ጥንቃቄ ጋር ይስማማል። ዓሥሩ የካቡኪ ዓመታት ግን ከንቱ አልቀሩም፤ ተራ ሰው በዕለት ተዕለት ቋንቋ ሲነጋገር መጻፍን የተማረው እዚያ ነው።

የሶኔዛኪ ፍቅረኞች

1703፣ በ4ኛው ወር፣ በኦሳካ ሁለት ወጣቶች በሶኔዛኪ ቤተ መቅደስ ጫካ ውስጥ አብረው ራሳቸውን አጠፉ። ሴቲቱ ኦሃትሱ ቴንማያ በሚባል ቤት ያለች ሴተኛ አዳሪ ነበረች፤ ወንዱ ቶኩቤይ የአኩሪ አተር ስጎ ሻጭ ቤት ሠራተኛ ነበር። ወሬው በከተማው ተዛመተ። በዚያን ጊዜ ታኬሞቶዛ በዕዳ ተጨንቆ ነበር። ቺካማትሱ ታሪኩን ፈጥኖ ጻፈው፤ ከአንድ ወር በኋላም በመድረክ ላይ ታየ።

በተውኔቱ ቶኩቤይ የሚሠራው ለአጎቱ ነው። አጎቱ የሚስቱን እኅት ልጅ ሊያጋባው ፈልጎ የጋብቻውን ገንዘብ ለቶኩቤይ እንጀራ እናት ሰጥቷል። ቶኩቤይ ኦሃትሱን ስለሚወድ ጋብቻውን እምቢ ይልና ገንዘቡን ከእንጀራ እናቱ በስንት ልመና ያስመልሳል። ለአጎቱ ከመመለሱ በፊት ግን ኩሄይጂ የሚባል ወዳጁ ለጥቂት ቀናት አበድረኝ ብሎ ይለምነዋል፤ ያበድረዋል። ኩሄይጂ ኋላ ይክዳል፤ እንዲያውም በውሉ ላይ ያለውን ማኅተም ቶኩቤይ ሰርቆ የመታው ነው ብሎ በሕዝብ ፊት ይወነጅለዋል፣ ያስደበድበዋልም። ገንዘቡ ጠፍቷል፤ ስሙ ጠፍቷል። ነጋዴ ደግሞ ከስሙ ሌላ ሀብት የለውም።

በዚያው ምሽት ኦሃትሱ በልብሷ ከልላ ታስገባውና ከበረንዳው ወለል ሥር ትደብቀዋለች። ኩሄይጂ መጥቶ ከላይ ተቀምጦ ይሳደባል። ኦሃትሱ ለራሷ የምትናገር መስላ ቶኩቤይ ለመሞት ቆርጦ እንደሆነ ትጠይቃለች፤ እግሯን ወደ ታች ታወርዳለች። ቶኩቤይ ከሥር ሆኖ ቁርጭምጭሚቷን ይዞ በጉሮሮው ላይ ያሳልፈዋል። መልሱ ይኸው ነው፤ ከእነርሱ በቀር በክፍሉ ውስጥ ያለ ሰው አላየም፣ አልሰማም። ከዚያ በሌሊት ወጥተው ወደ ጫካው ይሄዳሉ። የመንገዱ ትዕይንት በግጥም የተጻፈ ሲሆን በጃፓን ሥነ ጽሑፍ እጅግ ከተወደዱት ክፍሎች አንዱ ነው።

ኦሃትሱን ያንቀሳቀሰው ታትሱማትሱ ሃቺሮቤይ የተባለ ባለሙያ ነበር፤ ቀድሞ በመጋረጃ ይሸፈን የነበረው አንቀሳቃሽ በዚህ ሥራ ለተመልካች እንዲታይ ተደረገ። ተውኔቱ ታላቅ ስኬት አገኘ፤ ታኬሞቶዛም ከዕዳው ወጣ። ጊዳዩ የቴአትር ቤቱን አስተዳደር ለታኬዳ ኢዙሞ አስረክቦ ሙሉ ጊዜውን ለትረካ አዋለ። ቺካማትሱ የቤቱ ቋሚ ጸሐፊ ሆነ፤ ብዙም ሳይቆይ ከኪዮቶ ወደ ኦሳካ ተዛወረና እስከ ሞቱ እዚያው ኖረ። በዚያው 1703 ከጊዳዩ ተማሪዎች አንዱ ቶዮታኬዛ የተባለ ተወዳዳሪ ቴአትር ቤት በዚያው ዶቶንቦሪ አቋቋመ፤ የሁለቱ ፉክክርም ለብዙ ዓመታት ጥበቡን ወደፊት ገፋው።

የቤት ውስጥ ተውኔቶች

ከሶኔዛኪ በኋላ የቺካማትሱ ድርሰቶች ሁለት ዓይነት ሆኑ። በአምስት ክፍል የሚጻፉት የታሪክ ተውኔቶች ስለ ጥንት ጌቶችና ተዋጊዎች ናቸው፤ በቁጥር የሚበዙትም እነርሱ ናቸው። በሦስት ክፍል የሚጻፉት የቤት ውስጥ ተውኔቶች ግን ስለ ዘመኑ የከተማ ሰዎች ናቸው። እነዚህ 24 ብቻ ናቸው፤ ዝናው በአብዛኛው በእነርሱ ላይ ቆሟል።

በእነዚህ ተውኔቶች ሰውን የሚያስጨንቁት ሁለት ኃይሎች በጃፓንኛ ጊሪ እና ኒንጆ ይባላሉ። ኒንጆ የሰው ተፈጥሯዊ ስሜት ነው፦ ፍቅር፣ ርኅራኄ፣ ናፍቆት። ጊሪ ብዙ ጊዜ «ግዴታ» ተብሎ ይተረጎማል፤ አማርኛ ግን «ይሉኝታ» የሚል የተሻለ የሚቀርብ ቃል አለው። ሕግ ሳያስገድደው፣ ሰው ምን ይለኛል፣ ውለታ እንዴት እበላለሁ፣ ቤተሰቤን እንዴት አዋርዳለሁ ብሎ ሰው በገዛ ራሱ ላይ የሚጭነው ሸክም ነው። የቺካማትሱ ባለ ታሪኮች ክፉዎች አይደሉም። ብዙዎቹ የሚጠፉት ይሉኝታን ባለማወቃቸው ሳይሆን ከሁለት ወገን የመጣ ይሉኝታ መካከል ገብተው መውጫ በማጣታቸው ነው።

1711 በቀረበው «የሲኦል መልእክተኛ» ቹቤይ የገንዘብ አመላላሽ ድርጅት ባለቤት ነው። ኡሜጋዋ የምትባል ሴተኛ አዳሪን ይወዳል፤ እርሷን ከቤቱ ለማስወጣት ግን ገንዘብ የለውም። በሰው ፊት ድሃ ተብሎ ሲሰደብ በአደራ የያዘውን ገንዘብ ማኅተም ይበጥሳል። በዘመኑ ይህ በሞት የሚያስቀጣ ነበር። ሁለቱ ወደ ትውልድ መንደሩ ኒኖኩቺ ይሸሻሉ፤ ሽማግሌው አባቱም ልጁን ቢያይ ለሕግ አሳልፎ መስጠት ስለሚኖርበት ሳያየው ሊረዳው ይሞክራል።

ኮክሲንጋ

ጊዳዩ በ1714 ሞተ። ተተኪው ማሳታዩ ገና ወጣት ስለነበር የቴአትር ቤቱ ዕጣ አስጊ ነበር። በ1715 መጨረሻ ቺካማትሱ «የኮክሲንጋ ጦርነቶች»ን አቀረበ። ታሪኩ ከቻይናዊ አባትና ከጃፓናዊት እናት በጃፓን በሂራዶ ተወልዶ ለወደቀው የሚንግ ሥርወ መንግሥት በተዋጋው፣ ደቾችንም ከታይዋን ባስወጣው ዠንግ ቸንግጎንግ ሕይወት ላይ የተመሠረተ ነው። ቺካማትሱ ታሪኩን እንደፈለገ ለውጦታል፤ በተውኔቱ ውስጥ ጀግናው ከነብር ጋር ይታገላል፣ እናቱና እኅቱም ለክብር ሲሉ ራሳቸውን ይሠዋሉ። የጃፓን ሰዎች ከአገራቸው እንዳይወጡ በተከለከለበት ዘመን፣ የቻይና ቤተ መንግሥት፣ ባሕርና የጦር ምሽግ በአሻንጉሊት መድረክ ላይ መታየቱ ሕዝቡን ማረከ። ተውኔቱ ሳይቋረጥ ለ17 ወራት ታየ፤ ታኬሞቶዛም ዳነ።

ለዛሬ አንባቢ ይህ ሥራ ከሶኔዛኪ ይልቅ ሩቅ ሊመስል ይችላል። ቺካማትሱን በሕይወቱ ሳለ ይበልጥ ያስከበረው ግን እርሱ ነበር።

አሚጂማ፣ ዘይትና እገዳው

በ1720 10ኛ ወር አንድ የወረቀት ነጋዴና አንዲት ሴተኛ አዳሪ በኦሳካ በአሚጂማ ቤተ መቅደስ አጠገብ ሞቱ። ቺካማትሱ ዕድሜው ወደ 70 እየተጠጋ ነበር። በ12ኛው ወር የቀረበው «የአሚጂማ ፍቅረኞች ሞት» በብዙ ሐያስያን ዘንድ የላቀ ሥራው ነው።

የዚህ ተውኔት ክብደት ያለው በፍቅረኞቹ ላይ ብቻ ሳይሆን በሁለቱ ሴቶች መካከል ነው። ጂሄይ ሚስትና ሁለት ልጆች አሉት፤ ኮሃሩን ይወዳል። ሚስቱ ኦሳን ባሏ እንዳይሞት ፈርታ ለኮሃሩ በስውር ደብዳቤ ትጽፋለች፤ እንድትተወው ትለምናታለች። ኮሃሩ ቃሏን ሰጥታ የጠላችው መስላ ትታየዋለች፤ ጂሄይም እንደ ከዳችው ቆጥሮ ይረግማታል። ኋላ ኮሃሩን ሌላ ሀብታም ሊገዛት መሆኑ ሲሰማ፣ ኦሳን ነገሩ ይገባታል፤ ኮሃሩ ለእርሷ በገባችው ቃል የተነሣ ብቻዋን ልትሞት ነው። ያቺ ሴት በእኔ ምክንያት እንዳትሞት ብላ ያጠራቀመችውን ገንዘብ ታወጣለች፤ አልበቃ ሲል የራሷንና የልጆቿን ልብስ ለመያዣ ታስራለች፤ ባሏ ሄዶ ውሽማውን እንዲያስለቅቅ። በዚህ ጊዜ አባቷ ደርሶ ልብሱን ያያል፤ ልጁን ከጂሄይ ቤት እየጎተተ ይወስዳታል። ከዚያ በኋላ የቀረ መንገድ የለም። ኮሃሩና ጂሄይ ሲሞቱም ኦሳንን እንዳይበድሉ በአንድ ቦታ ጎን ለጎን መሞትን ይተዋሉ።

በ1721 የታየው «ሴት ገዳዩና የዘይት ሲኦል» ከሌሎቹ ይለያል፤ ፍቅርም የለበት። ዮሄይ የዘይት ነጋዴ ቤት ብኩን ልጅ ነው። ያባረሩት እናቱና እንጀራ አባቱ፣ አንዱ ከሌላው ተደብቀው፣ ገንዘብ አምጥተው እንድትሰጠው ለጎረቤታቸው ለኦኪቺ ይተዋሉ። ዮሄይ ከደጅ ሆኖ ይህን ሁሉ ሰምቶ ያለቅሳል። ሆኖም ዕዳው ከዚያ ስለሚበልጥ ተጨማሪ ይለምናታል፤ እምቢ ስትለው በፈሰሰ ዘይት ላይ እየተንሸራተተ ይገድላታል። የወላጆቹ ፍቅር ልቡን ነክቶት ሳለ መግደሉ ነው ተመልካችን የሚያስደነግጠው። ተውኔቱ በዘመኑ ብዙም አልተወደደም፤ ተነሥቶ የተከበረው በዘመናዊው ጃፓን ነው።

በዚህ መካከል የፍቅረኞች አብሮ መሞት በእውነተኛው ሕይወት በዝቶ ነበር፤ መንግሥትም ቴአትሩንና የወሬ ወረቀቶቹን ተጠያቂ አደረገ። በ1723 ስለ እንዲህ ዓይነት ሞት መጻፍና በመድረክ ማሳየት ተከለከለ። የሟቾቹ አስከሬን ያለ ቀብር ሥርዓት እንዲጣል፣ አንዱ ከተረፈ በነፍሰ ገዳይነት እንዲጠየቅ፣ ሁለቱም ከተረፉ ለሦስት ቀን በአደባባይ ታይተው ከማኅበረሰቡ ውጭ ወዳለው ደረጃ እንዲወርዱ ተወሰነ። ተውኔቶቹ ሞትን አስውበዋል የሚለው ክስ እስካሁን ያከራክራል። የመጨረሻዎቹ የመንገድ ትዕይንቶች ውብ መሆናቸው አይካድም። የሞቱ ቅጽበት ግን በብዙዎቹ ውስጥ አስጨናቂና አሳዛኝ እንጂ ያማረ ተደርጎ አልተጻፈም።

ስለ ጥበቡ የነበረው አስተሳሰብ

ቺካማትሱ ስለ ሥራው የጻፈው መጽሐፍ የለም። ሐሳቡ የተላለፈልን ሆዙሚ ኢካን የተባለ የኮንፊዩሺየስ ትምህርት ሊቅ ከእርሱ የሰማውን «ናኒዋ ሚያጌ» በተባለውና በ1738 በታተመው መጽሐፍ ውስጥ ስላሰፈረው ነው።

በዚያ እንደሚነበበው፣ አሻንጉሊት ሕይወት የሌለው ስለሆነ በሰው ተዋናይ ከሚሠራው ቴአትር ጋር ለመወዳደር ስሜቱ ከቃሉ መምጣት እንዳለበት ያምን ነበር። ለቃላት ዜማ ሲባል አላስፈላጊ ቃል መጨመርን ይነቅፍ ነበር። ሐዘንን በተመለከተም፣ ነገሩ አሳዛኝ ነው ብሎ መናገር ሐዘኑን እንደሚያጠፋው፣ ሁኔታው ራሱ በልክና በቁጥብነት ተጽፎ ተመልካቹን ማሳዘን እንዳለበት ያስተምር ነበር።

ከሁሉ የበለጠ የታወቀው ግን ጥበብ የሚኖረው በእውነተኛውና እውነት ባልሆነው መካከል ባለ ስስ ቦታ ላይ ነው የሚለው ሐሳቡ ነው። ይህን ለማስረዳት ስለ አንዲት የቤተ መንግሥት ሴት ይተርክ ነበር። ፍቅረኛዋን ለማየት ባለመቻሏ ምስሉን በእንጨት አስቀረጸች፤ የቆዳው ቀለም፣ ጆሮውና ጥርሱ እንኳን ሳይቀር ፍጹም እርሱን መሰለ። ጎን ለጎን ቢቆሙ የሚለያቸው ነፍስ ብቻ ነበር። ሴቲቱ ግን ስታየው ፍቅሯ በረደ፤ አስጠላትም፤ ምስሉን አስወገደችው። ዕድሜውን ሙሉ ለእንጨት አሻንጉሊቶች ሲጽፍ የኖረ ሰው ይህን ምሳሌ መምረጡ የሚያስገርም አይደለም።

የመጨረሻ ዘመንና ሞት

1724 ለኦሳካ የመከራ ዓመት ነበር፤ በፀደይ የተነሣ ታላቅ እሳት የከተማውን ብዙ ክፍል፣ ቴአትር ቤቶቹንም ጨምሮ፣ አቃጠለ። የቺካማትሱ የመጨረሻ የታሪክ ተውኔት የቀረበው በዚያው ዓመት ነው። ጤናው ግን ተዳክሞ ነበር።

ከመሞቱ ትንሽ ቀደም ብሎ በራሱ ሥዕል ላይ አጭር ጽሑፍ አስፍሯል። በእርሱም ከሳሙራይ ቤት ተወልዶ ከዚያ መውጣቱን፣ መኳንንትን አገልግሎ ማዕረግ አለማግኘቱን፣ በገበያ መካከል ኖሮ ንግድ አለማወቁን ይዘረዝራል፤ ባሕታዊ መስሎ ባሕታዊ፣ ሊቅ መስሎም ሊቅ አለመሆኑን ይናገራል። ራሱን ዝቅ አድርጎ መሳለቁ የዘመኑ ልማድ ነው። ነገር ግን ዝርዝሩ ትክክል ነው፤ ቺካማትሱ በአገሩ ከታወቁት የማኅበረሰብ ደረጃዎች በአንዱም ውስጥ ቦታ አልነበረውም።

ያረፈው በድሮው የጃፓን አቆጣጠር በ11ኛው ወር በ22ኛው ቀን ነው። መቃብሩ ተብለው የሚከበሩ ሁለት ቦታዎች አሉ፤ አንዱ በኦሳካ ከተማ፣ ሌላው በአማጋሳኪ በሚገኘው በኮሳይጂ ቤተ መቅደስ።

ከሞቱ በኋላ

የአሻንጉሊት ቴአትር ከእርሱ በኋላ በ18ኛው ክፍለ ዘመን አጋማሽ ወደ ከፍታው ደረሰ፤ ከዚያም በካቡኪ እየተበለጠ ሄደ። ታኬሞቶዛና ቶዮታኬዛ ተዘጉ። ቡንራኩ የሚለው ስም የመጣው በ19ኛው ክፍለ ዘመን በኦሳካ ጥበቡን ካቆዩት ከኡኤሙራ ቡንራኩከን ቤት ነው። በ1945 የኦሳካ የአየር ድብደባ የቡንራኩ ቴአትር ቤት ከብዙ የአሻንጉሊት ራሶች ጋር ተቃጠለ። በ1984 ብሔራዊው የቡንራኩ ቴአትር በዚያው በኦሳካ ተከፈተ፤ በ2003 ደግሞ ዩኔስኮ ቡንራኩን በዓለም የማይዳሰሱ ቅርሶች ተርታ አስቀመጠው።

የቺካማትሱ ድርሰቶች ከሞቱ በኋላ ብዙውን ጊዜ የቀረቡት ሌሎች አሻሽለው በጻፏቸው መልክ ነበር፤ ለሦስት አንቀሳቃሾች የሚስማማ ትዕይንት ስለተፈለገ ጽሑፉ ተቀይሯል። ከ19ኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻ ጀምሮ ግን እንደ ጹቦኡቺ ሾዮ ያሉ ሊቃውንት ወደ መጀመሪያው ጽሑፍ ተመለሱ፤ ከሼክስፒር ጋር ማነጻጸርም የተለመደው ያኔ ነው። ንጽጽሩ ክብርን ይገልጻል እንጂ ብዙ አያስረዳም፤ የሼክስፒር ባለ ታሪኮች ነገሥታትና መሳፍንት ሲሆኑ፣ የቺካማትሱ የላቁ ሥራዎች ግን የወረቀት ነጋዴና የስጎ ቤት ሠራተኛ ታሪኮች ናቸው። የፊልም ባለሙያው ሚዞጉቺ ኬንጂ በ1954፣ ሺኖዳ ማሳሂሮ ደግሞ በ1969 ከድርሰቶቹ ፊልም ሠርተዋል።

የሶኔዛኪ ፍቅረኞች ለረጅም ዘመን ከመድረክ ርቀው ቆይተው በ1953 በካቡኪ፣ በ1955 በአሻንጉሊት ቴአትር እንደገና ታዩ። የአሻንጉሊት አንቀሳቃሹ ዮሺዳ ታማኦ፣ በ2006 እስከ ሞተ ድረስ፣ ቶኩቤይን ከ1,000 ጊዜ በላይ ይዞታል። በቡንራኩ የሴት አሻንጉሊቶች እንደ ልማድ እግር የላቸውም፤ አካሄዳቸው የሚታየው በልብሳቸው ጫፍ እንቅስቃሴ ብቻ ነው። ለኦሃትሱ ግን፣ ለዚያ ለበረንዳው ትዕይንት ብቻ፣ አንድ ትንሽ ነጭ እግር ይሠራላታል።